የወንጂው ሣጥን ስንት ያወጣል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አዳማ ነው። አያታችን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶቹ ጊዜ ተቀጥረው እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። አምና አረፉ። ቤታቸውን ስናጸዳ አንድ የብረት ሣጥን ሙሉ የካርቱን መጽሐፍ አገኘን። ወደ 140 ይሆናል። አብዛኛው በሆላንድኛ ነው፤ ጥቂት እንግሊዝኛም አለበት። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ አየና ‹12,000 ብር፣ ሣጥኑን እንዳለ፣ ዛሬውኑ› አለን። እናቴ እንሽጠውና እንገላገል ትላለች። ወንድሜ ደግሞ አንድ ኮሚክ በሚሊዮን ዶላር ተሸጠ የሚል ዜና አይቶ ‹ማን ነክቶት!› ብሏል። ፎቶ አያይዣለሁ። ምን ይሻለናል?»

ሰላም እህቴ። አያትሽን ነፍስ ይማር።

ቁርጡን ላስቀድም። ሣጥኑ ሚሊዮን ቀርቶ ባጃጅ አይገዛም። ቢሆንም ዛሬ አይሸጥም። ዝርዝሩ ሳይጻፍ ደግሞ ጭራሽ አይሸጥም። 12,000 ብሩ ይብዛ ይነስ አሁን ልነግርሽ አልችልም፤ ውስጡ ምን ምን እንዳለ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ምናልባት ሰውየው ያውቅ ይሆናል። ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ ወንድምሽን ላረጋጋው። ያየው ዜና እውነት ነው። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2024 አንዱ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ግን ስላረጀ አይደለም። በዚያን ጊዜ ኮሚክ የልጅ ዕቃ ነበር፤ ተነብቦ ይጣላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አሜሪካኖች ለጦርነቱ ይረዳል እያሉ አሮጌ ወረቀት ከየቤቱ ሰበሰቡ። ኮሚኩም አብሮ ሄደ። የተረፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ።

ተቃራኒውን እዪ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው የታተመው። ሰዉ ነገ ይወደዳል ብሎ አራት አምስት እየገዛ በፕላስቲክ አሽጎ አስቀመጠ። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ዕቃ ምኑ ይወደዳል? ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል።

እኛ ጋም ነገሩ ያው ነው። ሥራዬ አሮጌ መጽሐፍ መግዛትና መሸጥ ነው። የቆሎና የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሊሆን ሲል ከባለ ሱቅ በኪሎ ገዝቼ ያተረፍኩት መጽሔት አለ። ዛሬ ሰዎች እየደወሉ የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ያንን ተጠቅልሎበት ያለቀውን ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ። እውነቱን ለመናገር፣ ወንጂ ስትይ ነው ቁጭ ብዬ ለመጻፍ የተነሣሁት። ኤችቪኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ድሮ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ትልቅ የስኳር እርሻ ነበረው። እዚያ ነገር ሲበላሽበት ወደኛ መጣ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከሆላንዶቹ ሠራተኞች ጋር ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም መጡ። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ኮሚክ አይጠፋም። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው ሲወረስ ቤተሰቦቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ሻንጣ ያልበቃው ዕቃ ለዘበኛው፣ ለሞግዚቷ፣ ለሥራ ባልደረባው ቀረ። እንዲህ ያለ ሣጥን ሳይ ያንቺ አራተኛዬ ነው። በሦስቱም ቤት የሰማሁት ወሬ አንድ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ ልጆቹ ሥዕሉን እያዩ የራሳቸውን ታሪክ ይፈጥሩለት ነበር። እናትሽን ጠይቂያቸው። እሳቸውም ሳያደርጉት አልቀሩም።

ፎቶሽን አጉልቼ አየሁት። ላይ ላይ የተደረደሩት ቀይ ሽፋን ያላቸው ቀጫጭኖች «ሱስከ ኤን ዊስከ» ይባላሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ከአክስታቸው ጋር ከጀብዱ ጀብዱ የሚዞሩበት የቤልጂግ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ሽፋኑ ላይ ቁጥር አለው። ባለ ሙሉ ቀለሙና ባለ ቀይ ሽፋኑ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1967 ከቁጥር 67 ነው የጀመረው። ከዚያ ወዲህ በገፍ ታትሟል። ሆላንድ ውስጥ በየሰልባጅ ገበያው በካርቶን ተደርድሮ የሚሸጥ ነው። በፎቶው ላይ የቆጠርኳቸው ቀዮች ብቻ ከአርባ ይበልጣሉ። ስለዚህ የሣጥንሽ ትልቁ ክፍል ርካሽ ነው፤ እወቂው።

ግን ከሥር፣ በግራ በኩል፣ በሲባጎ የታሰሩ ስድስት ሰባት ይታዩኛል። የሚታየው ጠርዛቸው ብቻ ነው። ቀይ አይደሉም። እነሱን ፈትተሽ አንዱን ክፈቺ። ውስጡ ሙሉ ቀለም ነው ወይስ በሁለት ቀለም ብቻ የታተመ? ሁለት ቀለም ከሆነ ከቀዩ ተከታታይ በፊት የታተመ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሰብሳቢ ከአርባው ቀይ ይልቅ ለዚያ አንድ ይሮጣል።

ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ነጭ ውሻ የሚከተለው ልጅ ቲንቲን ነው። ሆላንዶች ኮይፍዬ ይሉታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ እኔም ተሸውጃለሁ። ገጹን ገልጠሽ «1947» የሚል ታገኛለሽ እንበል። «የ1947 መጽሐፍ አገኘሁ» ብለሽ ትዘያለሽ። ያ ግን ያ ታሪክ የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበበት ዓመት እንጂ በእጅሽ ያለው ቅጂ የታተመበት አይደለም። ሃያ ጊዜ ደግሞ ቢታተም እዚያው እንዳለ ይቀመጣል። መጽሐፉን ገልብጪው። ጀርባው ላይ እስከዚያ ጊዜ የወጡት የቲንቲን መጻሕፍት ተዘርዝረዋል። ሆላንድኛ ባታውቂም ቁጥር ታነቢያለሽ፦ ዝርዝሩ ውስጥ «714» የሚል ፈልጊ። የበረራ ቁጥር ነው፤ ያ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ጀርባው ላይ እሱ ካለ፣ ውስጡ ምንም ይበል ምን በእጅሽ ያለው ከ1968 ወዲህ የታተመ ነው። ከሌለ ደግሞ አስቀምጪውና ፎቶውን ላኪልኝ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዱን በመጀመሪያ እትም ዋጋ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው አልዋሸኝም፤ እሱም አያውቅም ነበር። ሁለታችንም 1947 አይተን ተስማማን።

ስቴፕል የተመታባቸው መጽሔቶች ሳምንታዊው «ዶናልድ ዳክ» ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ሆላንድ ውስጥ ይወጣል። ነጠላው ብዙም አያወጣም። የአንድ ዓመት ሙሉ ከተገኘ ግን ሌላ ነገር ነው። በዓመትና በቁጥር ደርድሪያቸውና የጎደለውን ቁጥር መዝግቢ። በቃ።

እንግሊዝኛዎቹ የአሜሪካ ከሆኑ ዕድሜያቸውን የሚነግርሽ ሽፋኑ ላይ ያለው ዋጋ ነው። በግርድፉ 10 ሳንቲም የሚለው በፈረንጅ ከ1962 በፊት ነው። 12 ሳንቲም የ1960ዎቹ ነው። 15 ሳንቲም ከ1969 ወዲህ ነው። ከየት መጡ ካልሽ፣ የሰላም ጓድ የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየከተማው ነበሩ፤ እነሱ ትተውት የሄዱት ያጋጥመኛል። ፎቶው ላይ አንዱ የሽፋኑ አናት ተቆርጧል። «ልጅ ቀዶት ነው» ብለሽ ይሆናል። ላይሆን ይችላል። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ያልተሸጠ ኮሚክ ያለው ሱቅ ገንዘቡን ለማስመለስ የሽፋኑን አናት ብቻ ቆርጦ ይልክ ነበር። የቀረው መጣል ሲገባው በርካሽ ይቸበቸባል። እንዲህ ያለው ለንባብ እንጂ ለሰብሳቢ አይሆንም።

ስለ ይዞታ ላስጠንቅቅሽ። የሰብሳቢ ዓይን ክፉ ነው። በውጭ ኮሚክ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጫፉ የታጠፈ፣ ስቴፕሉ የዛገ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ ሁሉ ነጥብ ያስቀንሳል። ነጥብ ሰጥቶ በፕላስቲክ የሚያሽግ ሲጂሲ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ። ላንቺ ሣጥን አያዋጣም፤ እርሺው።

አዳማ ደግሞ ለወረቀት አትመችም። ሙቀቱ ቢጫ ያደርገዋል። ነፋሱ አቧራውን በመስኮት ስንጥቅ ያስገባል። የብረት ሣጥን በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲቀመጥ ምጣድ ነው። ዛሬውኑ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አውርጂው። ከመሬት በጡብ ከፍ አድርጊው፤ ምስጥ አይታመንም። አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ቀስ እያልሽ ጥረጊ። ከዚያ ያለፈ «እንክብካቤ» አታድርጊለት። ስኮች አትለጥፊ። ናፍታሊን አትጨምሪ፤ ሽታው አይለቅም። ላሚኔትማ እንዳታስደርጊ! አዳማ ውስጥ ላሚኔት የማይደረግ ነገር የለም። አንድ ደንበኛዬ ለኔ ብሎ የሃያ ኮሚክ ሽፋን ላሚኔት አስደርጎ አምጥቷል። ልቤ ነው የተሰበረው፤ ዋጋውን ስነግረው ደግሞ የሱ።

ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራውን ስጀምር አንድ የተጨማደደ ኮሚክ ላቃና ብዬ በፎጣ ሸፍኜ ካውያ አሳረፍኩበት። ቀለሙ ፎጣው ላይ ታተመ። አንድ የሚስቅ ዳክዬ በባለቤቴ ፎጣ ላይ ዓመት ቆየ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።

ስታጸጂ እያንዳንዱን ገጽ ገልጠሽ እዪ። መሃሉ ውስጥ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የፋብሪካ ፎቶ ይገኛል። ከሦስቱ ሣጥኖች በሁለቱ አግኝቻለሁ። እነዚያን አውጪ። የቤተሰብ ናቸው፣ ከኮሚኩ ጋር አይሸጡም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በብዕር የሕፃን ስም ተጽፎበት ካገኘሽ ግን አትፋቂው። ተራ ሰብሳቢ ለእሱ ዋጋ ይቀንሳል። ወንጂ ላደገ ሆላንዳዊ ግን ያ ስም የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ወንጂን ሊያዩ የመጡ አንዲት አሮጊት አንዱን የገዙኝ ለዚያ ስም ብለው ነው፤ መጽሐፉንማ ገልጠውም አላዩት።

እሺ፣ ብሩ። 12,000 ለ140 ሲካፈል ለአንዱ 86 ብር ገደማ ነው። እንደ ነጋዴ ልንገርሽ፦ ለቀዮቹ 86 ብር ስድብ አይደለም። አዳማ ላይ ሆላንድኛ የሚያነብ የለም። የሚገዛው ለግድግዳው የሚፈልግ ባለ ካፌ ወይም ሥዕል የሚማር ልጅ ነው። እኔ ሣጥን ስገዛ እሸጥበታለሁ ብዬ ከማስበው ዋጋ ከሲሶ እስከ ግማሽ ነው የምሰጠው። ሰው ሲሰማ ሌባ ይለኛል። ግን ከ140ው መቶው ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ኪራዩ ግን በየወሩ ነው።

ሰውየው ግን «ሣጥኑን እንዳለ» ያለው ለቀዮቹ ብሎ አይመስለኝም። እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ሲያገላብጥ የትኛው ላይ ቆየ? በሲባጎ የታሰሩትን ነካቸው? በስልኩ ፎቶ አነሣ? ገዢ በአፉ «ይኼ እንኳ ምንም አይልም» እያለ እጁ ግን እዚያው ይመላለሳል። እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ሙያው ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዢ። ርዕሱን እንዳለ ገልብጠሽ ጻፊ፤ ባይገባሽም። ቁጥሩን፣ ከጀርባው ያወቅሽውን፣ ጉድለቱን አስከትዪ። ፊቱንና ጀርባውን በስልክ አንሺ። ለሁለት ሰው የሁለት ምሽት ሥራ ነው፤ ወንድምሽ ዜና ከሚያይ ያግዝሽ። ከዚያ ዋጋ ፈልጊ። ኢቤይ ላይ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ተጠቀሚ። ካታዊኪ የሚባለው የሆላንድ ጨረታ ድረ ገጽም ለዚህ ጥሩ ነው፤ ሲጀመር የሰብሳቢዎች ካታሎግ ነበር። አንድ ሰው 500 ዩሮ ብሎ ስለለጠፈ 500 ዩሮ ያወጣል ማለት አይደለም። እኔም ሱቄ ውስጥ ስድስት ዓመት የተለጠፈ ዋጋ አለኝ።

ዝርዝሩ ካለቀ ሣጥኑ ራሱ ይከፋፈልልሻል። ቀዮቹ በጅምላ ይሂዱ። ለሰውየውም፣ ለኔም፣ አዲስ አበባ ላሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችም ማቅረብ ትችያለሽ። ነጠላ ነጠላውን እሸጣለሁ ብለሽ ግን አትድከሚ፤ በቴሌግራም «ላስት ፕራይስ?» የሚል ብቻ ነው የምታስተናግጂው። ዶናልድ ዳኮቹን በዓመት በዓመት አድርጊያቸው። ከሲባጎው ውስጥ ጥሩ ነገር ከወጣና «714» የሌለበት ቲንቲን ካለሽ፣ እነሱን እዚህ አትሽጫቸው። ዕቃው አዳማ፣ ገዢው ሆላንድ ነው። ሁሉንም በፖስታ መላክ ዋጋውን ይበላዋል። አሥሩ ግን ወደ ሁለት ኪሎ ነው፤ ለሚጓዝ ዘመድ ሻንጣ ከሽሮና በርበሬ ጎን አይከብድም። በጠንካራ ካርቶን መሃል ይሁን። በርበሬው ደግሞ በደንብ ይታሸግ፣ አደራ።

ስለ ሽያጩ ቀን አጭር ነገር ልበል። እናትሽ ወንድም እህት ካሏቸው አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ውርስ ነው፣ ከሽያጭ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ ከዋጋው በላይ ያስከፍላል። «ለሰው ላሳይና ልመልስ» ለሚል አንድም አትስጪ። ቤት ከማስገባት ይልቅ ቀን ላይ ሰው የሚበዛበት ካፌ ይሻላል። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈለ የሚያሳይሽን ስክሪንሾትም፣ «ገባ» የሚል መልእክትም አትመኚ፤ የውሸት መልእክት ሞልቷል። የራስሽን አካውንት ከፍተሽ ቀሪ ሒሳብሽ መጨመሩን እዪ። ቀብድ ከሰጠ ለየትኞቹ መጻሕፍት እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ደላላ መሃል ከገባ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ቀድሞ ይነገር።

ገዢውም ይታለላል፣ ሻጭ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ካርቶን ገዛሁ። ላይኛው ረድፍ ያማረ ኮሚክ ነው። ቤት ወስጄ ስገለብጠው ከሥሩ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስና ያረጀ ጋዜጣ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ሁሉንም መሬት ላይ አዘረግፋለሁ። እና ሰውየው እንዲህ ሳያደርግ 12,000 ካለ፣ ወይ የዋህ ነው ወይ የሚፈልገውን አይቷል።

አሁን ለእሱ የምትዪው ቀላል ነው፦ «ዝርዝር እየሠራን ነው፤ እሑድ እንልክልዎታለን።» የምር ገዢ ከሆነ ይጠብቃል። ከተቆጣና ከሄደም ቀዮቹን በዚያ ዋጋ የሚወስድ አይጠፋም። ዝርዝሩን አይቶ ዋጋ ከጨመረ ደግሞ ከሥር ያለውን ያውቅ ነበር ማለት ነው። አትጣዪው፤ የጨመረውን ተደራደሪበት። እኔም ገዢ መሆኔን አትርሺ፤ የምሰጥሽን ዋጋ ከሌላ ጋር አስተያዪው።

ለኔ ለጊዜው የቲንቲኖቹን ጀርባ፣ የእንግሊዝኛዎቹን ሽፋንና በሲባጎ የታሰሩትን ውስጥ ገጽ ፎቶ ላኪልኝ። ሲባጎውን በመቀስ አትቁረጪው። ከጠርዛቸው ጋር ተጣብቆ ነው የታሰረው፤ ቋጠሮውን በጥፍርሽ ፍቺው።